በእንጦጦ የተዘለለችው መስመር

የቤታችን ልጆች «ሕሊናን ይዘሽ እንጦጦ የወጣሽበትን ቀን ንገሪን፣ እኛ እንጽፈዋለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እግሬ ያልረገጠው ደብር ግን ጥቂት ነው።

ንጋት፣ ዊንጌት

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣን። ሱቆቹ ገና እንደተዘጉ ናቸው፤ ታክሲ ተራው ላይ ሁለት ተማሪና አንድ ውሻ። ሕሊና የልጄ ልጅ ናት፤ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ዳዊት የምታነብልኝ እሷ ነበረች። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን መጽሐፉን ዘግታ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ አላነብም። መጽሐፍ ቅዱስን እኮ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ንጉሥ ጉባኤ ጠርቶ ነው ያስመረጠው። ሲገለበጥ ሲገለበጥም ተበላሽቷል» አለችኝ።

መቆጣት አልሆነልኝም። እሷ ካላነበበችልኝ ቤቴ ዝም ሊል ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የልጅቷ ልብ አሳሰበኝ።

«መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

አላየችም። «በቃ፣ ቅዳሜ እንሄዳለን» አልኳት።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሽሮ ሜዳ

ነጠላና የአበሻ ቀሚስ በየበሩ እየተሰቀለ ነው። ወደ ማርያም የሚወጣው ታክሲ ሾፌር ጋቢና አስገባኝ።

«እማማ፣ ስለት አለብዎት?»

«ሙግት ነው ያለብኝ።»

«ከማን ጋር?»

በአገጬ ወደ ኋላ አሳየሁት። በመስተዋቱ አያትና፣ «አይችሏትም። የዘንድሮ ልጅ ስልክ ይዛ ነው የምትሟገተው» አለ። ሕሊናም ሳቀች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ሦስት ሰዓት፣ እንጦጦ

የአባቴ ዘመድ የሆኑ መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ብራና ይጽፋሉ። ክፍሏ ቆዳ ቆዳ፣ ቀለም ቀለም ይሸታል። ስንደርስ ተጽፎ ያለቀ ዳዊት እያረሙ ነበር። ልማዱ እንዲህ ነው፦ አንድ ዲያቆን አዲሱን ብራና ጮክ ብሎ ያነባል፤ መሪጌታ አሮጌውን ይዘው በዓይን ይከተላሉ፤ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ ያዳምጣል።

«እኅቴ፣ አንቺም ጆሮሽን አውሺን» አሉኝ።

አባቴ ሲያርስም ሲያጭድም ዳዊት ይደግም ነበርና በጆሮዬ ነው የያዝኩት። ዲያቆኑ መቶ አሥራ ስምንተኛው መዝሙር ላይ ደርሶ ጥቂት እንደሄደ፣

«ቆይ ልጄ፣ አንድ መስመር ዘለልክ» አልኩ።

መሪጌታ አሮጌውን በጣታቸው ተከተሉ። እውነት ነው። ሁለት መስመር በአንድ ዓይነት ቃል ያልቃል፤ የጸሐፊው ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ዘሏል። ጸሐፊው ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

ሕሊና አላለፈችውም። «ይኸው፣ ተሳሳቱ አይደል? እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።»

«ተሳሳትኩ» አሉ መሪጌታ፣ የጎደለችውን መስመር በኅዳጉ ላይ እየጻፉ። «እጅ ይስታል። ግን እኔ እዚህ ስስት የጎጃሙ ጸሐፊ እዚያው ቦታ አይስትም፤ የግብፁም፣ የሶርያውም አይስትም። አንዱ የጣለውን ሌላው ይዞት ይገኛል። ቅጅው በበዛ ቁጥር ስሕተት መደበቂያ ያጣል።»

«ጉባኤ ጠርቶ መጽሐፉን ያስመረጠው ንጉሥስ?» አለች።

«ያ ጉባኤ የተጠራው ስለ ወልድ አምላክነት ለመነጋገር ነው፤ መጽሐፍ ሊመርጥ አይደለም። ንጉሥ ክርስቲያን ሳይሆን ገና፣ ከሐዋርያው ዮሐንስ ደቀ መዝሙር እግር ሥር የተማረ አባት አራቱን ወንጌል ቆጥሮ ጽፏል። ዳር ዳር ባሉት መጻሕፍት ብዙ ክርክር ነበር፤ ዛሬም እኛ ሰማንያ አንድ እንላለን፣ ሌላው ያሳንሳል። አራቱን ወንጌል ግን እኛም እነሱም እኩል ነው የያዝነው።»

ይሄኔ እኔም አላስቻለኝም። «የእድራችን ደንብ መቼ ተጻፈ?»

«እኔ ስወለድ አካባቢ መሰለኝ» አለች ሕሊና።

«ወንድ አያትሽን ግን ከዚያ በፊት የቀበረው ይኸው እድር ነው። ደንቡ እድሩን አልወለደውም፤ ስንኖርበት የነበረውን ነው የጻፍነው። የመጽሐፉም ዝርዝር እንደዚያው ነው፤ ምእመኑ ሲያነበው ኖሮ ነው በኋላ የተጻፈው።»

መሪጌታ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «ይሄንንስ እኔም አላሰብኩት» አሉ። ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

መልስ

 በማግስቱ ሕሊና ሳልጠይቃት ዳዊቱን ገለጠች። ከዚያ ወዲያ እያነበበች አንዳንዴ መስመር ትዘልል ነበር። እንቅልፍ መስሎኝ፣ «ተመለሽ ልጄ» እላታለሁ፤ ትመለሳለች።

ከዓመታት በኋላ፣ በሠርጓ ሰሞን ነው የነገረችኝ፦ ክረምቱን ሙሉ ጆሮዬን ልትፈትን እያወቀች ነበር የምትዘልለው። አንዲትም መስመር አላመለጠችኝም። በያዝኳት ቁጥር በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጭረት ታደርግ ነበር። ያን ጭረት እኔ ስንት ዓመት በጣቴ ስዳብስ፣ ማተሚያ ቤቱ ያደረገው ጌጥ ይመስለኝ ነበር።