አባቴ የራሩለት ባትሪ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩ ስለ አንድ የሞተር ሳይክል ባትሪ ነው። በእኛ አገር ከዚህ የከበደ ብዙ የሚወራ ችግር አለ። እኔም ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ፣ የቱ ተጽፎ የቱ እንደሚቀር በደንብ አልለየሁም። ቢሆንም ትምህርት ላይ ተቀምጬ እንኳን ስለሚመላለስብኝ፣ እንደሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ የከብት መድኃኒት ይሸጣሉ። ሱቁ ውስጥ የሚውሉበት ቀን ግን ጥቂት ነው። ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ካሉት ደጋ ቀበሌዎች ላም ተነፋች፣ በግ አሳለው ተብሎ ሲደወል ሞተራቸውን አስነስተው ይሄዳሉ። መንገዱ ሩቅ ሲሆን ከባለከብቱ ቤት አድረው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ መርፌ ሲወጉ በሬ ቀኝ ጉልበታቸውን ስለረገጣቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሞተሩን በእግር ረግጠው ማስነሳት አይችሉም። በአውራ ጣታቸው ማስነሻውን ሲጫኑ ካልተነሳላቸው ሥራቸው እዚያው ያበቃል። ሱቅ ተቀምጦ መዋልን ደግሞ እንደ እስር ነው የሚያዩት።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አሮጌው ባትሪ ሞተ። ዐረብ አገር የምትሠራው ታላቅ እህቴ ይህን ስትሰማ፣ አዲስ አበባ ባለ የምታውቀው ሰው በኩል ሊቲየም የሚባለውን ቀላል ባትሪ አስገዝታ በአውቶብስ ላከች። ጋራዥ ስንወስደው መካኒኩ በአንድ እጁ አነሳና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ባዶ ካርቶን ነው እንዴ የላኩልዎት?»

«አንተ ደግሞ! ልጄ ባዶ አትልክም» አሉት አባቴ።

ከአሮጌው ስለሚያንስ ቦታው ውስጥ ይንገጫገጭ ነበር። መካኒኩ ካረጀ የላስቲክ ጫማ ቆርጦ ዙሪያውን ወተፈለት። ውሃ እንደማይጨመርበት ነገረን። አባቴ ማስነሻውን ሲነኩት ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እህቴ በየዓርቡ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እርሱ ሆነ።

«አባ፣ ባትሪው እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! ገና ጣቴን ሳሳየው ይነሳል።»

እኔም ይህንኑ አምኜ ወደ ትምህርቴ ሄድኩ።

በጥር እረፍት ቤት ስመጣ፣ በጎች ወደሚከተቡበት አንድ መንደር አባቴ ይዘውኝ ሄዱ። መርፌ እያቀበልኩ ዋልኩ። ማታ ያደርነው አባቴን ከድሮ ጀምሮ ከሚያውቁ አንድ ገበሬ ቤት ነው። ግቢያቸው ሰፊና የታጠረ ነው። አባቴ ግን ሞተሩን ወደ ግቢው ማስገባት እንቢ አሉ። ከቤቱ በላይ ካለው የቁልቁለት ጫፍ ላይ አቁመው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉና ላስቲክ አለበሱት።

«ምነው ሐኪም፣ ሞተርህ ከግቢዬ ተጣላ?» አሉ ባለቤቱ።

«ነፋስ ይወዳል።»

«በቅሎ እንኳን እንዲህ አትሞላቀቅም!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግራ የገባኝ ጠዋት ነው። ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነጥቷል። አባቴ ቁልፉን አዙረው ማስነሻውን አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አደረጉት። ጠቅ ብሎ ዝም አለ። አልደገሙትም። ድንጋዩን በእጃቸው አነሱ፣ ተቀምጠውበት ሞተሩን ቁልቁል ለቀቁት፣ መሀል ላይ ማርሹን አስገብተው አስነሱት። ያየሁት ነገር የአንድ ቀን ሥራ አይመስልም ነበር።

«አባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳቸው።

«ብርድ ባለበት ሁሉ። ከተማ ውስጥ ሙቀት ስላለ ይሻላል።»

«ታዲያ ለምን ደጋግመው አይሞክሩትም?»

«የደከመ በሬ ይገረፋል? ባትሪም እንደዚያው ነው። ሲደክም ይራሩለታል።» ከዚያም «ለእህትሽ እንዳትነግሪ። ወላሂ፣ ከነገርሽ እንጣላለን» አሉኝ።

በእኛ አካባቢ ሞተር የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ባትሪ ከደከመ ማስነሻውን አትነካካም፣ መብራት አታበራም፣ ያለችውን ትቆጥባለህ። አባቴም የዕድሜ ልክ ልማዳቸውን ነው የተከተሉት። ለካ የሚያድሩበትን ቤት እንኳን የሚመርጡት ቁልቁለት አይተው ኖሯል። እንዳትነግሪ ስላሉኝ ግን ለእህቴ አልነገርኳትም።

ሥራው አላለቀም ነበርና እዚያው ሌላ ሌሊት አደርን። በማግስቱ ውርጩ ላይ ጉም ተጨመረበት። ከታች የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ስላለ፣ አባቴ ሳይወዱ በግድ የፊት መብራቱን አበሩ። «ዛሬስ ባትሪውን ጨርሼ ልገድለው ነው» አሉ። ከዚያ ድንጋዩን አንስተው ለቀቁት። ገና ማርሹን ሳያስገቡ የኋላ ጎማው በውርጩ ላይ ሸሸ። ሞተሩ በጎኑ ወደቀና ቀኝ እግራቸው ከሥሩ ቀረ።

እየሮጥኩ ደረስኩ። ባለቤቱና ሚስታቸውም ወጡ፤ ሞተሩን ገፋ አድርገን እግራቸውን አወጣን። አባቴ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሴትዮዋ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» እያሉ ጋቢ ደረቡላቸው፣ ጉልበታቸውን በነጠላ አሰሩላቸው። አባቴ ግን በዚያ መሀል ሞተሩን ነበር የሚያዩት።

«ያንን መብራት አጥፊው! አለቀ እኮ!»

ከባለቤቱ ጋር ሞተሩን አቆምነው። መብራቱ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ እንደበራ ነው። ለማጥፋት ብዬ ሄጄ ለምን ማስነሻውን እንደተጫንኩ አላውቅም፤ ምናልባት አባቴን በሆነ ነገር ደስ ላሰኛቸው ፈልጌ ይሆናል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። የሞተ ነው ያልነው ባትሪ ከተማ ውስጥ እንደሚያደርገው ነው ያስነሳው።

«እሰይ!» አሉ ባለቤቱ። «ሲወድቅ ነው እንዴ የሚነሳው ይሄ ጉደኛ?»

ማንም አልሳቀም። አባቴ ወደ መብራቱ፣ ከዚያ ወደ እጄ አዩ። የገባቸው ያኔ ነው ብዬ አስባለሁ። በኋላ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ይህ ዓይነቱ ባትሪ በብርድ ይደነዝዛል እንጂ አይደክምም። መብራት አብርተው ትንሽ ካሠሩት ከውስጡ ይሞቅና ጉልበቱ ይመለሳል። ማረፍ ሳይሆን መሥራት ነበር የሚፈልገው። አባቴ በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ላይ ሲንከባለሉ የከረሙት ለባትሪው ራርተው ነው።

ደሴ ወስደን ስናሳያቸው የጉልበታቸው ጅማት መበጠሱን ነገሩን። ሐኪሙ ሁለተኛ ሞተር ላይ እንዳይወጡ አስጠነቀቃቸው።

እህቴ መውደቃቸውንና ባትሪው በብርድ እንቢ ይል እንደነበር ከእናታችን ሰምታ እያለቀሰች ደወለች። ስልኩን ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርገን ያዝንላቸው።

«ባትሪው ነው አይደል አባ? እኔ በላክሁት ባትሪ!»

«ባትሪሽ ደህና ነው ልጄ። አያያዙን ያላወቅሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ብርድ ላይ እንቢ ሲልዎት ለምን ደህና ነው ይሉኝ ነበር?»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ደህና ነው ስልሽ ድምፅሽ ይፈካ ነበር» አሏት። «እሱን ልስማ ብዬ ነው።»

እኔ ተነስቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ በኋላ እናቴ በስልክ ትነግረኝ ነበር። አባቴ በየጠዋቱ በከዘራ ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፣ የሞተሩን መብራት ያበራሉ፣ አጠገቡ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ያስነሱታል። ጉልበቴ ተሽሎት እንደሆነ ልየው እያሉ አንዳንድ ቀን እግራቸውን አንስተው ሞተሩ ላይ ለመውጣት ይሞክራሉ። እናቴ በመስኮት ታያቸዋለች። አንድ ጊዜ ግን መሀል ላይ ቀርተው፣ ወደፊትም ወደኋላም ማለት አቅቷቸው ጎረቤት ተጠርቶ አወረዳቸው። በዚያ ሳምንት፣ ከወግዲ መጥቶ በአካባቢው ከብት ማከም ለጀመረ ወጣት ሞተሩን ሰጡት። አያያዙን ራሳቸው አሳዩት፤ «አትራራለት፣ መጀመሪያ መብራቱን አብራ» አሉት አለችኝ እናቴ። ወጣቱ አስነስቶ ከግቢ ሲወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆመው ድምፁ እስኪጠፋ ሰሙ፣ ከዚያ ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሄዱ። ቀኑ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።