የወንድሜ ምራቅ

ወንድሜን ሐርጌሳ ውስጥ አፉ ባዶ ሆኖ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ጠዋት ሻይ፣ ከሻይ በኋላ ማስቲካ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከሶማሌ ግንበኞቹ ጋር ጫት። እኔ የፈለግሁት ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ሳያኝክ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ምራቁን እንዲተፋልኝ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን በጨጓራ ሞተ ተብሎ ተቀበረ። እኛ ቤት ሰው የሚሞተው በጨጓራ ነው፤ ሌላ በሽታ ስሙ አይነሳም። የሕክምና ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ነው የቆሽት ካንሰር መሆኑን ያወቅሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ቆሽት ሰው ሲያበሽቀኝ የሚያርር ነገር እንጂ ካንሰር የሚይዘው አካል መሆኑንም አላውቅም። የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት ሐኪም ይህን ስነግራት፣ የአባቴ እህት በጡት ካንሰር መሞቷንም ስጨምርላት፣ ምራቄን ተቀብላ ውጭ አገር ላከችው። ከአባቴ የወረስኩት የተዛባ ጂን ተገኘብኝ። ጡትንም ቆሽትንም ለካንሰር ያጋልጣል። «ይይዝሻል ማለት አይደለም፤ ከሌላ ሰው ይልቅ ክትትል ያስፈልግሻል ማለት ነው» አለችኝ። «ወንድም እህት ካለሽ ግን ለእያንዳንዳቸው ዘውድና ጎፈር ነው። ይመርመሩ።»

ያለኝ ያው አንድ ወንድም ነው። ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ያሠራል። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ግንባታ ላይ ነበር፤ በጦርነት የፈረሰውን ሁሉ ባንድ ዓመት ሠርተው ለመጨረስ የተማማሉ ይመስሉ ነበር። ስነግረው ሳቀ።

«እትዬ፣ የኔ ምራቅ ለፈረንጅ ምን ያደርግለታል?»

ሳቁ ሳምንት አልቆየም። ሆዱን መነካካት ጀመረ። ምሳው ከከበደው ቆሽቱ ነው፤ ጀርባውን ከቆረጠመው ቆሽቱ ነው። ይባስ ብሎ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ነበረችና፣ «ውጤቴን ሳላውቅ ሽማግሌ አልልክም። ወልጄ ይህን ላወርስ ነው?» ብሎ ድርቅ አለ። ልጅቷ እየጠበቀች ነው፤ እሱ ደግሞ ከዛሬ ነገ ይላል፣ ብልቃጧንም ይሸሻል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ካለው ቤቴ ጠራሁት፤ በሩን ቆልፌ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ በመጨረሻ ብልቃጧን ሞልቶልኝ ሄደ። አብሮ የሚላክ ቅጽ ነበር፤ በእናት በኩል ማን በምን ሞተ የሚል። እማዬ እንዳትደነግጥ ብዬ እስከዚያ ድረስ ምንም አልነገርኳትም ነበር። አሁን ግን ሌላ ሰው አልነበረኝምና ደወልኩ።

ዘመዶቿን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ፤ ሁሉም በጨጓራ። ወረቀቱ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ የኔንም የሱንም ነገርኳት። አለቀሰች፤ «በኔ ይድረስ» አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሱን ተይው ልጄ» አለች። «ለሱ አያስፈልገውም።»

«እንዴት አያስፈልገውም?»

ወላጅ እናቱ ጎረቤታችን ነበረች፤ በወሊድ ነው የሞተችው። እኔን ያን ክረምት አክስቴ ጋ ልከውኝ ነበር፤ ስመለስ ወንድም አለሽ አሉኝ። የአምስት ዓመት ልጅ ሌላ ምን ትጠይቃለች?

«ባይወልደውም በአርባ ቀኑ የኔ ልጅ ነው ብሎ ክርስትና ያስነሳው አባትሽ ነው» አለች እማዬ። «ሲሞትም አደራ ያለኝ ይህንኑ ነው። በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ እንዳትነግሪው።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ተናደድኩም፤ በሷም፣ በሟቹም። ብልቃጧ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ መልሷን አስቀድሜ አውቄዋለሁ። ብነግረው ፍርሃቱ ዛሬውኑ ይለቀዋል፤ አባቱንም ግን ዛሬውኑ አሳጣዋለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ መልሱ እስኪመጣ ሆዱን እየዳበሰ ይከርማል። ቅጹ ላይ «አባት» በሚለው ቦታ የአባታችንን በሽታ ጽፌ ላክሁት።

እነዚያን ሳምንታት ሲከሳ እያየሁ አፌን ይዤ ከረምኩ። ሦስት ጊዜ ልነግረው ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ልጅቷ ጠየቅሁት።

ውጤቱ ሲመጣ ይዤለት ሕንፃው ድረስ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በአቧራማ እጆቹ ሸፈነ፤ ቆይቶ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

«አንቺን ይዞሽ እኔ ደስ ማለቴ ነውር ነው፤ ይቅር በይኝ» አለ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ አመለጠው። «ግን አየሽ እትዬ? ከአባዬ ደግ ደጉን ለኔ ወስጄ ክፉውን ላንቺ ተውኩልሽ።»

«ድሮም ላንተ ያደላ ነበር» አልኩት።