የእትዬ ቦይ

ወይን በአፍንጫዬ አውቃለሁ። ዓይኔን ሸፍነህ አንዲት ፍሬ ብታስጠጋልኝ፣ ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመች፣ የትኛው ወፍ እንደጎበኛት ጭምር እነግርሃለሁ። ባለፈው ሳምንትም ባለቤቴ ከገበያ ያመጣችውን ወይን ገና ከበሩ አሽትቼ «አንደኛ ነው!» አልኳት። ፌስታሉን ከፍታ አሳየችኝ። ግማሹ ፈንድቶ ኮምጥጧል።

ሽታው ግን ሸዋ ሮቢት ወሰደኝ።

አባቴ ወንዙ ዳር ትንሽ የወይን ማሳ ነበረው፤ እኔ ሳወራው ግን እስከ አዋሽ ይደርሳል። የወይን ጠጁን ቤት ውስጥ እየጠመቀ ይሸጣል፤ ዓመቱን የምንበላው ከዚያ ነበር። ኬሚካል አያስነካም። ማዳበሪያው የበግ ፍግ ነው፤ አፈሩንም ጸሐይ እንዳያደርቀው የማሽላ አገዳ ያለብሰዋል። ከለቀማ በፊት ሦስት ሳምንት ደግሞ፣ ፍሬው እንዲጣፍጥ፣ ውሃ ጭራሽ ይከለክለዋል። ያኔ የመስኖ ተራችንን ሽንኩርት ለምታለማው ጎረቤታችን፣ ለእትዬ፣ ያውሳል፤ እሷ ከለቀማ በኋላ ትመልስልናለች። እትዬ ሙስሊም ናት፤ የወይን ጠጃችን በአፏ ዞሮ አያውቅም። ውሃውን ግን እንደ ዘመድ ተካፍለን ኖርን።

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለለቀማው ሳምንት ሲቀረው አባቴ የታመመች እህቱን ሊያስታምም ደብረ ሲና ወጣ።

«ውሃ እንዳታስገባ» አለኝ። «ወይኑ ቢለምንህም እንዳታስገባ!»

ለመነኝ። የሮቢት ጸሐይ ድንጋይ ታስለቅሳለች። ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ፍሬው እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማደደ። በየአስር ደቂቃው እየወጣሁ ዳበስኩት። ቢደርቅስ? የዓመት ቀለባችን እኔ እጅ ላይ ቢሞትስ? በሁለተኛው ቀን እትዬ ለሶላት ስትገባ ጠብቄ፣ ውሃውን ከሽንኩርቷ ቀልብሼ ወደ ወይኑ ለቀቅኩት። የተጠማው አፈር ሲጠጣ ያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ፍሬው ሞላ፤ እኔም አብሬው አበጥኩ። ውሃውን በለቀቅኩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጣጩ ፈነዳ። ማሳው ኮመጠጠ፤ ተርብ ወረረው። የአባቴ አውቶቡስ ከደብረ ሲና ቁልቁል እየወረደ ነበር። ዶማ ይዤ ሮጥኩና፣ ውሃው በራሱ ሰብሮ የገባ እንዲመስል፣ የእትዬን ቦይ ጠርዝ ናድኩት። ቀና ስል እትዬ አጠገቤ ቆማለች።

«ውሃዬን የዘረፈኝ ጂኒ አንተ ኖረሃል?»

«እትዬ፣ አባቴ ይገድለኛል።»

አባቴ ደረሰ። በረድፎቹ መሃል ቆሞ አንዲት የፈነዳች ፍሬ አፉ ውስጥ ከተተና መልሶ ተፋት።

«ማነው ውሃ ያስገባው?»

በአገጬ የተናደውን ቦይ አሳየሁት።

«የኔ ቦይ ነው የሰበረው፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ» አለች እትዬ። ያለ ወላሂ ሁለት ቃል የማትናገር ሴት ያን ቀን ወላሂ አላለችም።

አባቴ እሷን አየ፤ ከዚያ ጭቃው ያልደረቀውን ዶማ በእጄ አየ። «ውሃ ነው፣ እህቴ፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ዶማውን ተቀበለኝና ቦዩን ይጠግን ጀመር።

የዚያ ዓመት ወይን አቼቶ ሆኖ ቀረ። አባቴ አንድ ጠርሙስ ለእትዬ ወሰደላት፤ ከማሳችን የወጣ ጠርሙስ ደጇን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። «ሰላጣ ላይ፣ ወላሂ፣ ጣት ያስቆረጥማል!» አለች።

አሁን ሁለቱም የሉም። ማሳውም ማንጎ ሆኗል። እኔ በየድግሱ ስለ አፍንጫዬ አወራለሁ።

ያን ቀን ሁለቱ አጎንብሰው ጠርዙን ሲደለድሉ፣ እኔ ጥላ ስር ቆሜ አያቸው ነበር። የናድኩት እኔ ነኝ ብዬ ለአባቴ አልነገርኩትም። እትዬንም ይቅርታ አልጠየቅኳትም።