አክሊል ያለው ልጅ

በስደት በምንኖርባት ከተማ፣ ዮቪል በሚባለው ሰፈር የምንቀድስባት ቤተ ክርስቲያን የእንግሊዞች ናት፤ እኛ የእነሱ ጸሎት ካለቀ በኋላ እንከራያታለን። ግንቧ ወፍራም፣ መስኮቶቿ ጠባብ፣ የበሮቿ ቅስት ግማሽ ክብ ነው። ቁልፍ ያዡ ነጭ ሽማግሌ «የኖርማን፣ የጥንት እንግሊዞች አሠራር ነው» እያለ ይኮራባት ነበር። እኔ መጀመሪያ ሳያት እስር ቤት መስላኝ ነበር፤ እያደር ግን ወደድኳት። እዚህ ክረምቱ በሚበረታበት በሰኔ ብርድ ጫማ አውልቀን ያንን የድንጋይ ወለል ስንረግጥ ብቻ የሠሯትን ሰዎች በልቤ እረግማለሁ።

ግድግዳዋ ላይ የሟቾች መታሰቢያ እብነ በረዶች አሉ። በሴቶች በኩል ባለው ላይ የአንድ ወጣት ፊት ተቀርጿል፤ ዙሪያውን የቅጠል ጉንጉን ከቦታል። የሥሩን ላቲን ማን ያነበዋል? ጉንጉኑን አክሊለ ብርሃን ነው ብለን ልጁን ሰማዕት አደረግነው። ቄሱም እንደ ሥዕል ቆጥረውት ዝም አሉ። ሁሉም ይሳለመዋል። ከሁሉ በላይ ግን የሚወዱት ቤሪያ የሚባለው ሰፈር ፍላት፣ አንድ አፓርታማ፣ ተጋርተን የምንኖረው፣ እማማ የምንላቸው እናት ነበሩ።

ኮሮና መጣና ቤተ ክርስቲያኗ ተዘጋች። የእማማ አንድ ልጃቸው ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ጠያቂ ደግሞ አይገባም።

«ሰማዕቱ ጋ ውሰደኝ ልጄ፣ እሱ አያሳፍረኝም» አሉኝ።

ሽማግሌውን ለምኜ አስከፈትኩ። እማማ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ድንጋዩን ሳሙና ስለት ተሳሉ። ሽማግሌው ግራ ገብቶት ማን መስሏቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው ላቲኑን ተረጎመልኝ።

«ምን አለህ?» አሉኝ እማማ። ልዋሽ ፈለግኩ። እሳቸው ግን ፊቴን ካዩ አለቀልኝ።

«እማማ፣ ቅዱስ አይደለም። ወርቅ ሲቆፈር ጉድጓድ የተናደበት መሐንዲስ ነው። ድንጋዩን ያሠራችለት እናቱ ናት።»

ተስፋቸውን የነጠቅኳቸው መሰለኝ። ወደ ድንጋዩ ዞሩ።

«ስንት ልጅ አላት?»

«አንድ እሱን ብቻ ነበር የወለደችው ይላል።»

የልጁን ጉንጭ በመዳፋቸው ዳበሱት። «እግዜር ያጥናሽ እናቴ» አሉ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱላት። ለራሳቸው ልጅ እንኳ እስከዚያ ቀን እንባ አላወጡም ነበር፤ ሟርት ይሆንብኛል ብለው።

ልጃቸው ተረፈ። ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ደግፈነው እዚያው ወሰድነው። እማማ ድንጋዩ ፊት አቆሙት።

«ከዛሬ ወዲያ የሁለት እናት ልጅ ነህ» አሉት። «ሳመው፤ ወንድምህ ነው።»

ገና እያለከለከ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሳመ። እኔ ደረቁ ሰውዬ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።