በአንሶላ የተጠቀለለው ወንበር

ሰዓት ጠጋኙ ጎረቤታችን አንዲት መኪና ለሦስት ዓመት በሊዝ፣ ማለትም በረጅም ኪራይ፣ ሲወስድ ውሉ ጥብቅ ነበር። ከበሳት ወይም ከበየዳት ዋስትናዋ ይቀራል፤ እንደ ነበረች ካልመለሳትም መዘዙ ብዙ ነው። ሚስቱ ግን ታማ እግሯ አልታጠፍ አላት፤ በሳምንት ሦስቴ ሐኪም ቤት ካልደረሰች አለቀላት። ስለዚህ ባለመኪኖቹን በጽሑፍ አስፈቀደና፣ ከኋላ ተቀምጣ እግሯን እንድትዘረጋ የፊቱን ወንበር ፈትቶ አወጣው።

እንደ ሥራው ልማድ እያንዳንዱን ብሎን ቦታውን ጽፎ በብልቃጥ አስቀመጠ። ወንበሩንም በአንሶላ ጠቅልሎ መኝታ ቤታቸው አቆመው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጣውንት አመጣህብኝ እንዴ?» ትለዋለች እየሳቀች።

«ዝም በይ፣ ስትድኚ የምትቀመጪበት የራስሽ ወንበር ነው።»

መኪናዋ ልትመለስ አንድ ወር ሲቀራት ሚስቱ አረፈች። እሱም ወንበሩን በዚያው ብሎን መልሶ አሰረና መኪናዋን ይዞ ሄደ። ተረካቢው ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዳሰሰ፣ አንዲት ጭረት እንኳ አላገኘም።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ይሄ ወንበር እኮ ሰው የተቀመጠበት አይመስልም።»

«አልተቀመጠችበትም፣ ልጄ» አለና ቁልፉን አስረከበው።