ከውጭ የዞረው ቁልፍ

መካነ ኢየሱስ በምትባለው ከተማ የገዛኋት ቤት ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ላይ ናት። ያኔ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበርኩ። ባሌ ሥራው ሌላ አገር ስለሆነ ከአምስት ዓመት ልጄ ጋር ብቻችንን ነን። ቤቷን በደላላ ገዛሁ እንጂ ማን እንደሠራት፣ ማን እንደኖረባት አልጠየቅሁም።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሳሎን ያለው ወንበር ወደ ግድግዳው ዞሮ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ልጄ እንዳልል ጎረቤት ነው የምትውለው። በሩ እንደቆለፍኩት ነው፤ የጎደለ ዕቃም የለም። በሌላው ሳምንት ደግሞ አንጥፌው የወጣሁት አልጋ፣ ሰው ተቀምጦበት እንደተነሣ መሐሉ ጎድጉዷል። ከዚያ ዱካው መጣ። እርጥብ፣ ባዶ እግር፣ ከልጅ እግር ብዙም የማይበልጥ። ከበሩ ይነሣና ወንበሩ ዘንድ ያበቃል። የተመለሰበት አይታይም።

ሌባ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ወገዳ ከተማ ለሚኖሩት አጎቴ ደወልኩ። ለብዙ ዘመን ሚሊሻ የነበሩ ሰው ናቸው።

«ሽጉጥ ልገዛ ነው» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ቤትሽን ልየው።»

መጥተው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። አጥሩ ላይ የተጋደመውን ባሕር ዛፍ አስቆረጡ፤ መስኮቱን ብረት አስገጠሙለት፤ የጓሮውን በር መቀርቀሪያ በራሳቸው እጅ ቀየሩ። የፊት ለፊቱን በር ቁልፍ ሲያዩ፣ «ይኼ ከቤቱ ጋር የመጣ ነው? አስቀይሪው» አሉኝ።

«እሺ፣ ከደብረ ታቦር አስመጣለሁ» አልኩ። ሳላስመጣ ቀረሁ።

ፈቃዱን ከፖሊስ ካወጣሁ በኋላ አብረን ሄደን ሁለት ሽጉጥ አየን። አንደኛው ትልቅ፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። ስይዘው ግን አፈሙዙ ወደ መሬት ዘነበለ።

«እሱን ተይው፤ እጅሽ አልቻለውም» አሉ አጎቴ። ትንሹን፣ ጥቁሩን ወሰድን። ጥይት ሳይኖርበት ቀናት ሙሉ ሲያለማምዱኝ ከረሙ። ሽጉጡ በብረት ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ፤ ቁልፉ ልጄ የማትደርስበት። ሊሄዱ ሲሉ ደግመው፣ «ማን እንደሆነ ፊቱን ሳታዪ ጣትሽ ቃታው ላይ እንዳያርፍ» አሉኝ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተረኛ አልነበርኩም። ጉሙ ከመስኮቱ ብረት ላይ ተለጥፎ አጥሩ እንኳ አይታይም። ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ የፊት ለፊቱ በር ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። የእኔ ቁልፍ ፊቴ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

መኝታ ቤት ገብቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። ጥይቱን ካለበት አምጥቼ ስሞላ ሁለቱ ከእጄ ወድቀው ተንከባለሉ።

ሳሎኑ መግቢያ ላይ ቆሜ፣ «ማን ነው?» አልኩ። መልስ የለም። በሩ ተከፈተ።

«ማን ነው? እተኩሳለሁ!» ጮህኩ። ዝም። የባዶ እግር ኮቴ ብቻ ይመጣል፣ ቀስ እያለ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው። ጣቴ ወደ ቃታው ሲሄድ ተሰማኝና በግድ መለስኩት።

ነጠላ የተከናነበች፣ ጉም ያረጠባት ትንሽ አሮጊት ናት። እኔንም ሽጉጡንም ሳታይ በአጠገቤ አልፋ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረችና ተቀመጠች።

«ዛሬ ዘገየሁብህ፣ ልጄ» አለች ለግድግዳው።

ጥይቱን አውጥቼ ሽጉጡን ከቆለፍኩ በኋላ ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ትከሻዋን ነካሁ። ደንግጣ ዞረች። ጆሮዋ ጨርሶ አይሰማም፤ ጆሮዋ ሥር አፌን አስጠግቼ መጮህ ነበረብኝ። ቤቱን የሠራው ልጇ ነው። ታሞ እዚያ ግድግዳ ሥር ነው ያረፈ። ወንድሞቹ ቤቱን ሲሸጡ እሷ ቁልፏን በመቀነቷ ቋጥራ ቀርታለች።

«ሰው የገባበት አልመሰለኝም፤ ዕቃውም የልጄ መስሎኝ» አለች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የምመጣ። ያረፈበት ቀን ነው።»

«አልጋው ላይስ ለምን ይቀመጣሉ?»

«የምን አልጋ?» አለችኝ። «እኔ ከዚህ ወንበር አልፌ አላውቅም።»

በማግስቱ አናጢ አምጥቼ ቁልፉን አስቀየርኩ። ለእሷም፣ መምጣት ስትፈልግ ልጄ ከምትውልበት ጎረቤት ገብታ እዚያ እንድትጠብቀኝ ነገርኳት። ሁለት ማክሰኞ መጣች፤ ከዚያ አቅም አጣችና እኔ እሷ ቤት እሄድ ጀመር።

ለአጎቴ በስልክ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ፣ «ባይነግሩኝ ኖሮ ገድያት ነበር» አልኩ።

በር ሲዘጉ በስልኩ ውስጥ ሰማሁ።

«እኔ አንድ ጊዜ ጉም ውስጥ ተኩሻለሁ» አሉ። «ማን ነህ ስለው ዝም አለኝ።»

«ምን ነበር ታዲያ?»

«ሄጄ አላየሁም።»