ሰማዩን ያላዩት ሾፌር

ወጀብ ስናሳድድ የኖርን ሰዎች ዛሬም ስንገናኝ፣ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ሾፌራችን ጋሼ አስፋልት ላይ ያርፋል። ስማቸው ሌላ ነው፤ ይሄኛውን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፣ ደግሞም አልጸጸትም።

በዚያ ዘመን፣ ራዳር ክፍል ያለችው ባልደረባችን ደመናው የት እንዳበጠ በሬዲዮ ትነግረናለች። እኛ ሥሩ ድረስ ሄደን በረዶ ይሁን ዝናብ፣ ወዴት እንደሚዞር እያየን መልሰን እንነግራታለን። እሷ ደግሞ መንገዱ ላይ ያለውን ከተማ ታስጠነቅቃለች። መኪናው ውስጥ ያለነው ሁለት ነን። እኔ ሰማይ አያለሁ፣ ጋሼ መንገድ ያያሉ። ሕጉ የራሳቸው ነው፤ «ሁለታችንም ሽቅብ ካንጋጠጥን ከገደል ማን ሊያወጣን ነው?» ይላሉ፣ ኮፍያቸውን ቅንድባቸው ድረስ ስበው።

እኔ «ኧረ ጋሼ፣ መጣ! ግድግዳ አክሎ መጣ!» ብዬ ስጮህ መልሳቸው «ግራ ነው ቀኝ?» ብቻ ነው። በረዶ ጣራችንን እየቀጠቀጠው፣ እሳቸው ባለቤታቸው አሠራ እያሉ ስለሚነዘንዟቸው ቧንቧ ያጫውቱኛል። አይ ጊዜ! ያቺ ቤንዚን ቤንዚን የምትሸት መኪና እንዴት እንደምትናፍቀኝ። እሳቸው አጠገብ ሆኜ ፍርሃት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።

ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ጎማ እየነፉ አቀርቅረው ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ?»

«ይዘዙኝ ጋሼ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ወደዚያ ነገር ነዳሁ። አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላየሁትም። ሳላየው ብወጣ ይቆጨኛል። አንዴ አንቺ ብትነጂልኝስ?»

«እሺ» አልኳቸው። ሰማዩ ግን እልህ የተጋባን ይመስል ሳምንቱን ሙሉ ጠራ። በመጨረሻው ቀን፣ ተስፋ ቆርጠን ቁጭ ባልንበት፣ ሬዲዮው ጮኸ።

መሪውን ያዝኩ። እሳቸው እኔ ቦታ ተቀመጡ። ማየቱ ግን ከየት ይምጣ!

«ጉድጓድ! ማርሽ ቀንሺ! ፍሬን አትርገጪ፣ ያንሸራትታል!»

«ጋሼ፣ ሰማዩን ይዩ እንጂ!»

«አያለሁ፣ አያለሁ... ላም! ላም!»

ኮፍያቸውን ብነጥቃቸውም ዓይናቸው ከአስፋልቱ አልነቀል አለ። መጨረሻ ላይ በሽቄ ዳር ያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁት።

«ይኸው፣ አሁን የምንሄድበት የለም። ይዩ!»

ቀና አሉ። ደመናው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ፣ ሆዱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቀስ እያለ ይዞራል። መብረቁ ውስጥ ለውስጥ ይመላለሳል። የአድናቆት ቃል ስጠብቅ እጃቸው የበሩን እጀታ ጨብጦ አየሁ። ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ወደዚህ ነው ይዤሽ የምገባው የነበረው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«የሰው ልጅ ይዤ!» አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ወርደው በእኔ በኩል ዞሩ፣ ገፋ አድርገውኝ መሪው ላይ ተቀመጡና መኪናውን ወደ መጣንበት አዞሩት።

ሬዲዮው «ምን አያችሁ? የት ናችሁ?» እያለ ይጠራል። መነጋገሪያውን ላነሳ ስል ቀደሙኝ። በሬዲዮ ሲናገሩ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ትልቅ በረዶ ነው፣ ወደ ከተማው እየዞረ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ይግባ በይ» አሉ። «እኔም ልጄን ወደ ቤቷ እየመለስኳት ነው።»